የሰይፈዲን አውራ ጣት

ሰይፈዲን ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። ይሄን የምለው ጎረቤቴ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ቢቀምስ ኖሮ ከሚስቱ ቀድሜ የምሰማው እኔ ስለሆንኩ ነው። አጥራችን አንድ ነው፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳውን ደግሞ የሠራው ዝገት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ የኮልፌ ሰው ተደብቆ ይጠጣል ብሎ አወራበትና ልጁ ሰልሳቢል ሳታገባ ልትቀር ነበር። ያውም በእግሩ አውራ ጣት የተነሳ።

አጠና ተራ ነው የሚነግደው፣ ለግንባታ የሚሆነውን የባሕር ዛፍ እንጨት፤ እዚያም የሚመላለሰው በመኪናው ነው። ቁርሱ ዱለት ነው። በግ ከታረደ ጉበቱንና ኩላሊቱን ለሰው አያስነካም። ውሃማ ለመታጠቢያ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ሲጠማው ለስላሳ ነው የሚያስከፍተው። ሆዱ ከፊት ከፊቱ ሲሄድ እኛ ተስማማው እንላለን። እዚህ ሰፈር ሰው ሲከሳ ነው እንጂ ሲወፍር ማንም ታመመ ብሎ አይጠይቀውም።

አንድ ቀን ጠዋት ጩኸት ሰማሁና ሌባ መስሎኝ ሮጥኩ። ሰይፈዲን አልጋው ላይ ሆኖ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሏል። አውራ ጣቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ አብጧል። ሚስቱ አልፊያ አንሶላ ላልብስህ ብትለው የአንሶላው ጫፍ ነክቶት ነው የጮኸው። ምን ሆነህ ነው ስለው አጠና ወድቆብኝ ነው አለኝ። ያ ሁሉ አጠና ወድቆ አንድ ጣት ብቻ መርጦ መታ? ጎረቤታችን አየለች ምች ነው አለች፤ እሷ ሁሉ ነገር ምች ነው የሚመስላት።

ክሊኒክ ሄደ። እኔም ለደም ግፊቴ እዚያው ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዤ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ነርሷ ጣቱን አየችና፣

"ሪህ ይመስላል። ቢራ ያበዛሉ እንዴ?" አለችው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

እሱ መመለስ ትቶ ዞሮ ኮሪደሩን አየ። ማን እንዳለ ሊያይ ነው። ይሄ ማየቱ ጎዳው። የሕመም ማስታገሻ ሰጥታ ለደም ምርመራ ተመልሰው ይምጡ ብትለው፣ እሱ እንኳን ሊመለስ በዚያ መንገድም አላለፈ።

እኔ ቤቴ ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። አየለችን ብቻ ለመሆኑ ቢራ በጣት ይወጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ ደግሞ ሐሜት አይደለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሳንሱሲ ደረሰ።

ሳንሱሲ ያለው ማን መሰላችሁ፣ ሰልሳቢልን ሊያገባ ያጫት አነስ ነው። ያሳደጉት አጎቱ ሐጂ ፈሀድ ናቸው። ሐጂ ጠጪ ቤት ልጄን አልሰጥም፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምወስነው፣ እሁድ እመጣለሁ ብለው ላኩ። ሰልሳቢል እህል አልቀምስ አለች። አልፊያ ምንጣፍ ስታጥብ ዋለች።

ሰይፈዲንስ? እሱማ መላ አገኘ። የምጠጣውን ይዩት አለ። ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠና ያንን ብርቱካን የሚመስለውን ለስላሳ፣ ጠርሙሱ ውስጡ እንዲታይ ከፍ አድርጎ ይዞ ይጠጣ ጀመር። ሰው ሲያልፍ ሰላምታ የሚሰጠው በጠርሙሱ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ያስመጣል። ዱለቱም እንዳለ ነው፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ነበር።

ጋብ ብሎ የነበረው ጣት ከበፊቱ ብሶ አበጠ። ሰይፈዲን ማንከስ ጀመረ። ሲያነክስ ያየ ሁሉ ዛሬም ጠጥቶ አድሯል ይላል። ይሄን ሲሰማ ሌላ ለስላሳ ያስከፍታል። በጠጣ ቁጥር ያነክሳል፣ ባነከሰ ቁጥር ይታማል።

ቅዳሜ ዕለት አልፊያ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ፣ ሐኪም ያለው ነገር ሁለት ሰው ቢሰማው አይረሳም ብዬ። ዶክተሯ ሰሀር የምትባል ልጅ ናት። ደሙን አስመረመረችና ምን እንደሚጠጣ ጠየቀችው።

ሰይፈዲን ደረቱን ነፋ። "ለስላሳ ብቻ። ወላሂ፣ አጠና ተራ ሙሉ ምስክር አለኝ።"

"እሱ እኮ ነው እያሳመመዎት ያለው" አለችው።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችው። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ሲበዛና ኩላሊት ማስወጣት ሲያቅተው መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቀመጣል። ቢራ ያብሰዋል፣ እውነት ነው። ግን የለስላሳው ስኳርም፣ የሚበላው የበግ ጉበትና ኩላሊትም፣ የሥጋው ብዛትም፣ ውፍረቱም ያብሱታል። በዘር የሚወርሰውም አለ። ስለዚህ ቢራ በዓይኑ ያላየ ሰውም ይታመማል። ሲያብጥ እግሩን አሳርፎ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝበት፣ ሲሻለው በእግሩ ይሂድ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ክብደቱን ቀስ እያለ ይቀንስ። መድኃኒቱን ደግሞ ሕመሙ ለቀቀኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም።

ሰይፈዲን ጣቱን አየና፣ "ስሜን ላነጻ ብዬ እግሬን ጨረስኩት?" አለ። አልፊያ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ አልሳቀችም ነበር።

እሁድ ሐጂ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ለአልፊያ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ በሩን ገርበብ ያደረግኩት ሽንኩርቱ ዓይኔን ስላቃጠለኝ ነው። ሰይፈዲን ሲያነክስ እንዳይታይ ቀድሞ ተቀምጦ እግሩን በጋቢ ሸፍኗል። ሰልሳቢል ጥግ ቆማ ጣቷን ታንቋቋለች።

አነስ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሐጂ ግን በሩ ላይ ቀሩ። ብርድ አለብኝ፣ ጫማዬን ባላወልቀው አሉ። የሰው ቤት ሊመረምሩ መጥተው ለእሳቸው ተብሎ የታጠበ ምንጣፍ ላይ በጫማ? አይሆንም። አንዱን አወለቁ። ሁለተኛው እምቢ አለ። አነስ ላግዝዎት ብሎ ጎንበስ አለና ሳብ ሲያደርገው ሐጂ የጮኹት ጩኸት ቀራንዮ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጫማው ወጣ። አውራ ጣታቸው ቲማቲም ሆኗል።

"ምን ሆነው ነው ሐጂ?" አለ ሰይፈዲን።

"ሚስማር ወግቶኝ ነው።"

"የኔ ላይ ደግሞ አጠና ነው የወደቀው" አለና ጋቢውን ገለጠው።

ሁለቱ ጣቶች እንደ ተዛመደ ሰው ፊት ለፊት ተያዩ። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ቢላዬን እንደያዝኩ ወጣሁና፣

"ሐጂ፣ እርስዎም ተደብቀው ይጠጣሉ እንዴ?" አልኳቸው።

አልፊያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"አስተግፊሩላህ! እኔ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፣ እማማ።"

"እሱም እንደዚያው ነው የሚለው።"

ሐጂ የሰይፈዲንን ጣት አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። ከዚያ ጎኑ ሄደው ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን መድኃኒት እንደሰጡት ጠየቁት። አነስ ለስላሳ ሊቀዳላቸው ጠርሙሱን ሲያነሳ ሰይፈዲን እጁን ያዘው።

"ለሐጂ ውሃ" አለ። "ለእኔም።"

የቀለበቱ ቀን የተቆረጠው እዚያው እንደተቀመጡ ነው።

ሰርጉ ላይ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ጆግ ሙሉ ውሃ ቀረበላቸው፤ የዱለቱ ሳህን በፊታቸው ሲያልፍ ሰይፈዲን በዓይኑ እስከ በሩ ሸኘው። አሁን ከስቷል፤ አጠና ተራ በእግሩ ነው የሚሄደው። አየለች ደግሞ ንግዱ ከስሮ መኪናውን ሸጧል ብላ ታወራለች። መኪናው ሸራ ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ በቀዳዳው አየዋለሁ። ለአየለች ግን ገና አልነገርኳትም።