ሳይቆላ የሸተተው ሰሊጥ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ከአይከል ደውላ «እማ፣ መኪና አግኝቻለሁ፣ ቁልቁል ልንወርድ ነው» አለችኝ። ስልኩን ሳስቀምጥ ከጎረቤት ዘይት መጭመቂያ የሰሊጥ ሽታ መጣ። ዱካ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀኝ እግሬ መሬቱን ጭምቅ አድርጎ ረገጠ። ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። መኪና መንዳት አልችልም፤ እግሬ ግን ፍሬን ይፈልጋል።

ያን ጊዜም አደጋው የታወቀኝ በአፍንጫዬ ነው። ነጋዴ ባህር ከምትባለው ከተማ ወዲህ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ይችኑ ልጄን እያጠባሁ፣ የተቆላ ሰሊጥ ሸተተኝ። ምጣድ በሌለበት፣ ቤት በሌለበት መንገድ! ጥቅምት ነበር፤ ሣሩ ቢጫ ሆኗል፣ ቆላ ስንደርስ ታጭዶ የተከመረ ሰሊጥ እንደምናይ አውቃለሁ። ግን የማሳ ሰሊጥና የተቆላ ሰሊጥ አንድ አይሸትም። ከልጅነቴ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ሳበጥር ያደግሁ ሴት ይህ አይጠፋኝም።

«ሞላ፣ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል» አልኩት ባሌን።

እግሩን አየሁት። ፔዳሉን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይረግጣል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም።

መኪናዋን ቆቅ ነበር የምንላት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች አሮጌ መኪና ናት። ከሱዳን በኩል ገብታ መተማ ዮሐንስ ላይ በስንት ሰው እጅ እንደዞረች እግዜር ይወቅ። መጨረሻ ላይ ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ ደርሳ፣ መጋዘናቸው ጀርባ ዶሮ ሲያድርባት ከረመች። ሞላ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ መካኒክ ነበር፤ ሁለታችንም ገና ልጆች ነን። «ሐጅ፣ ይስጡኝና ነፍስ ልዝራባት» ቢላቸው፣ «ውሰዳት፤ ዶሮዎቼን ብቻ አውርድልኝ» አሉት።

ሲፈታታት ጉዷ ወጣ። ወለሉ በዝገት አልቆ ኖሮ የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፈው ለጥፈውበታል። በሩ እንዳይንኳኳ ውስጡን ጆንያ ጠቅጥቀውበታል። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት። የራዲያተሩን ቀዳዳ በሳሙና ደፍነውታል። ሞላ አንዱን ባወጣ ቁጥር «ይህን የሠራ እጁ ይሰበር! መካኒክ ነው ልብስ ሰፊ?» ይላል። እኔም አራስ ሆኜ፣ በሩ ሥር ተቀምጬ እስቃለሁ።

ፍሬኑን ግን አልፈታውም። ሲረግጡት ጠንካራ ነው፣ ዘይቱም ሙሉ ነው። «ጤነኛ ምን ያሳክመዋል?» አለ። አንድ ቀን የፍሬን ዘይት ዕቃዋን እንድጠርግ ጨርቅ ሰጠኝ። ክዳኗን ከፍቼ አሸተትኳት።

«ሞላ፣ ይህ እኮ ሰሊጥ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ባልሽስ ቢሆን መቼ ሰሊጥ ሳይሸትሽ ቀርቶ ያውቃል?»

ሳቀብኝ። እኔም ፊደል እንኳ በቅጡ ያልቆጠርኩ ሴት ለመካኒክ ምን ላስተምር ብዬ ክዳኑን መለስኩት። ከቁልቁለቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ዝም ማለቴ ነው።

ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ አይከል አማቴ ዘንድ ወስደን ክርስትና አስነሣናት። ሽቅቡን ቆቅ እየዘፈነች ወጣች፤ ዳገት ፍሬን አይፈልግም። ስንመለስ አማቴ ድፎ ዳቦ በኮባ እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ልጅ በክንዴ፣ ዳቦ በጭኔ ሆኜ ነው እንግዲህ ያ ሽታ የመጣው።

«ልጅቷን እቀፊ» አለኝ ሞላ።

«አቅፌያታለሁ እኮ!»

«አጥብቀሽ እቀፊ አልኩሽ!»

ድምፁ የሱ አይመስልም። ማርሹን ቀነሰ፤ ሞተሩ እንደሚታረድ ከብት ጮኸ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጧ! አለና ዘንጉ ባዶውን ወደ ላይ ተነሣ። ከታች ከመታጠፊያው የቀን ሠራተኛ የጫነ መኪና ሽቅብ ብቅ አለ። በቀኛችን ገደል ነው። በግራ፣ መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱት የጠጠር ክምር አለ። «እመቤቴ!» ስል ሞላ መሪውን ወደ ክምሩ ጠመዘዘው። እኔ በልጄ ላይ ተደፋሁ።

ቆቅ አፍንጫዋን ጠጠሩ ውስጥ ቀብራ ቆመች። አቧራው እስኪበርድ ምንም አይሰማም። ልጄ አታለቅስም። ስንት ጊዜ ዝም እንዳለች አላውቅም፤ ለኔ ግን እንደ አንድ ክረምት ረዘመብኝ። ከዚያ አነጠሰች። ቀና ብል በእሷና በመኪናው ብረት መካከል የአማቴ ዳቦ ተጨፍልቆ ተቀምጧል።

ሠራተኞቹ እየሮጡ መጡ። አንዱ የጎጃም ሰው በመስኮት አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ ልጅቱ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«እንግዲያ ዳቦው ይቆረስ እንጂ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

ማልቀሴን ያወቅሁት እሱ ሲለኝ ነው።

በማግስቱ ሞላ የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ፣ ሲያወጣ ውኃ እንደዋጠ ባቄላ አብጦ፣ ዘይቱን የጋለው ፍሬን ላይ አፍስሶታል። ወሬውን ሰምተው ሐጅ ኢድሪስ ጋራዡ ድረስ መጡ። ላስቲኩን በእጃቸው ይዘው አሸተቱትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ሞላ፣ እኔ ነኝ» አሉ እንደ ልማዳቸው ዐረብኛ እየቀላቀሉ። «ክረምት ነበር። ዘይቱ ፈስሶ አልቆ፣ መንገዱም ተቆርጦ። ድንበሩን ተሻግሬ ጋላባት እስክደርስ ለጊዜው ብዬ የሰሊጥ ዘይት ጨመርኩበት። ፍሬኑ ያዘልኝና ኸላስ፣ ረሳሁት። ይቅር በሉኝ።»

ሞላ «እጁ ይሰበር» ይላል ብዬ ተሳቀቅሁ። እሱ ግን ወደ ቆቅ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰ ሽቦ ይዞ ተነሣ።

«ይህችን ደግሞ ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ ሐጅ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከጎንደር እስኪመጣ፣ ለጊዜው ብዬ።»

ከዚያ ወዲህ ሞላ የሌላውን መካኒክ እጅ ሲራገም ሰምቼው አላውቅም። የማንንም መኪና ፍሬን ሲጨርስ ግን ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት «ነይ እስቲ አሽትቺ» ይለኛል። አሁንም ይለኛል። ሰዎች ይስቁብናል።

ትናንት ታዲያ ልጄ እስክትደርስ አንድ ቦታ አልተቀመጥኩም። ሞላም መንገድ ዳር ቆሞ የማይጠብቅ ለመምሰል ይሞክራል። ሊመሽ ሲል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከባጃጅ ወረደች።

«የመጣሽበት መኪና ፍሬኑ ደህና ነው?»

«እማ ደግሞ! ሰላምታ እንኳ ሳትሰጪኝ!»

ሳምኳት። አሸተትኳት፤ አቧራና ላብ ብቻ ነው የሸተተችኝ። ሰው ለጊዜው ብሎ ያሰረውን ይረሳል፤ ቁልቁለቱ ግን አይረሳለትም። እኔም ሰሊጥ ሲሸተኝ ዝም ማለት ትቻለሁ። ልጄ ቤቷ ገባች፣ እራቷን በልታ ተኛች። ተርፈናል። ደህና ነን።