አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍሁ

በፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት የመዝገብ ጸሐፊ በነበርሁበት ዘመን የልጅ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነበር። ልጁ በመስከረም ይመጣና ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ለመያዝ ይሞክራል። ከያዘ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ካልያዘ ለከርሞ ይባላል። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም። አባቶች ዕድሜ ሲጠየቁ "አንበጣ የወረደ ዓመት" ወይም "ቀዩ በሬ የሞተ ጊዜ" ይላሉ፤ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የበሬን ሞት ወደ ቁጥር እለውጥ ነበር።

ቅኔ ቤት አልገባሁም። የአስኳላውንም ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍሁም። ከዚያ በኋላ ያነበብሁት ሁሉ ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ግጥም ግን እጽፍ ነበር፤ በመንግሥት ወረቀት ጀርባ፣ በመንግሥት ቀለም። ዲሬክተሩ አንድ ቀን ደርሰውብኝ፣

"አንተ ልጅ፣ ይህ ቀለም እኮ የጃንሆይ ነው!" አሉኝ።

"ግጥሙንም ይውሰዱት" አልሁ። በዚያ ቀን ግቢውን ብቻዬን ስጠርግ ዋልሁ።

ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በመስከረም፣ ከላህ ወንዝ ማዶ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ እጇን በራሷ ላይ ዘረጋች። የጆሮዋ ጫፍ ላይ ለመድረስ አንድ ጣት ቀራት። ቀስ ብላ አንገቷን ወደ እጇ ማጋደል ጀመረች።

"አታጋድይ" አልኋት።

"አላጋደልሁም። ጆሮዬ ነው የሸሸ።"

ሳቅሁ። እናቲቱ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ "ጌታዬ፣ ዘንድሮ ካልገባች አባቷ ያጫታል። ትምህርት ቤት ከገባች ግን ለጊዜው ተዋት ብለውታል" አለችኝ። እንዲህ ያሉት የአባትየው ታላቅ ወንድም፣ የአጥቢያቸው ቄስ መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። ልጅቱን ፊደል ያስቆጠሯት እርሳቸው ናቸው። የስኳር ጋዜጣዬን ብሰጣት ሳትደነቃቀፍ አነበበችልኝ፤ የማስታወቂያውን ክፍል ሳይቀር።

እንዲህ የምታነብ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብታ ሀሁ ልትል ነው? ሦስተኛ ክፍል አስገባኋት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገጠመኝ። የሦስተኛ ክፍልን ገጽ ስገልጠው ከላይ አሥራ ሦስት፣ ከታች አሥራ ሁለት፣ ደግሞ አሥራ አራት ይላል። የገጠር ልጆች ዘግይተው ነው የሚመጡት። በዚያ መሀል "ስድስት" ብዬ ብጽፍ መዝገብ ሊያይ የሚመጣው መርማሪ ዓይን እዚያው ላይ ይተከላል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍሁ። መርማሪዎቹም ቀጫጫ ናት ብለው አለፏት።

ሦስት ዓመት አለፈ። ስድስተኛ ክፍል ደረሰች፤ እኔ የቆምሁበት ክፍል።

በታኅሣሥ፣ ልጆቹ ግማሹ አውድማ ላይ በሆኑበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንዲት የማኅበራዊ ኑሮ ባለሙያ መጣች። ከእኔ በዕድሜ ብዙ አትበልጥም፤ ሹራብ የደረበች፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ነበረች። የመጣችው ለመምህራንና ለሕዝብ ኑሮ እድገት ሠራተኞች ልጆችን ከጉዳት ስለመጠበቅ ለአሥር ቀን ልታስተምር ነው። ከቡሬ መምህራን በእህል መኪና ተጭነው፣ ከነጤፍ ገለባቸው ወረዱ። እኔ ስሜ በዝርዝሩ የለም። ወረቀት አድል፣ እርሳስ ቅረጽ ተብዬ ነው የገባሁ። እርሳስ መቅረጽ ደግሞ ጆሮ አይዝም።

የመጀመሪያው ትምህርት ዝም ማለት ነበር። "ልጅ ሲነግራችሁ አታቋርጡ፣ አትቆጡ፣ የማትችሉትን አትማሉለት" አለች። ከዚያ ዲሬክተሩን በልጅ ቦታ፣ በትንሿ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ከቡሬ የመጡ ጠጉራቸው የሸበተ መምህር መምህሩን ሆነው ጠየቁ።

"አንተ፣ ለምን አረፈድህ?"

"ስብሰባ ነበረብኝ" አሉ ዲሬክተሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያዋም ሳቀች። "ልጅ ስብሰባ የለበትም ጌታዬ። ቤት ውስጥ ምን ገጥሞት እንደሆነ ያስቡ።"

"ወይዘሪት፣" አሉ የቡሬው ሽማግሌ፣ "አይቀየሙኝና፣ እኛ አገር ልጅ ይላካል እንጂ አይጠየቅም።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይጠየቃል።"

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ልጅ መሆኑን በምን እንደምናውቅ ጠየቀች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጆሮውን ያዘ። አሥራ ስምንት ትልልቅ ሰው እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ሲቀመጥ አየሁና ከሳቅ ይልቅ ንዴት መጣብኝ። ያን ዕለት ጠዋት ልጅቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣

"ጋሼ፣ ስሜን ከመዝገብ ይሰርዙት" ብላኝ ነበር።

"ለምን?"

"ከጥምቀት በኋላ አልመጣም።"

እንደ ትምህርቱ ዝም አልሁ። የቀረውን ራሷ ነገረችኝ። ልትዳር ነው፤ ባልየው ከቡሬ ወዲህ ያለ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። አይታው አታውቅም። "ጌሾው ተወቅጧል" አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

እርሳሱን አስቀምጬ በሚታደለው ወረቀት ጀርባ ሁለት ስንኝ ጻፍሁ፤

ለፊደል ሲጠይቋት እጇ አጠረ አሉ፣
ለባል ሲጠይቋት ደረሰች ይላሉ።

ያንኑ ወረቀት ሳላውቅ ከሌላው ጋር አድዬው ኖሯል። ባለሙያዋ እጅ ደረሰ። ሁሉም ሲወጡ ጠራችኝ።

"የማን እጅ ነው ያጠረው?" አለችኝ።

ስለ ልጅቱ ነገርኋት። ስለ ዘንድሮው ሠርግ፣ ስለ ጌሾው፣ ስለ ነጋዴው። ስለ መዝገቡ ግን አልነገርኋትም። ግጥሜን አንብባ ዓይኗ ሲበራ አይቼ ነበር፤ ያ ብርሃን እንዲጠፋ አልፈለግሁም። ይህን ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል። የመዝገቡ ውሸት ግን አያሳፍረኝም።

"ሕጉ አሥራ አምስት ሳይሞላት አትዳርም ይላል" አለች። "አባቷን መጀመሪያ እናነጋግረው። እንቢ ካለ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። መዝገቡ አለን አይደል?"

"አለን" አልሁ።

በነጋታው ምላጭ ይዤ መጣሁ። የአሥራ ሁለቱን ቀለም ልፍቀው ነበር። ዲሬክተሩ ግን መዝገቡን ለእንግዳዋ ሊያሳዩ ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ምላጩን እርሳስ ቀረጽሁበት።

አባትየው በዚያው ቀን ተጠርቶ ከወንድሙ ከቄሱ ጋር መጣ። ቀይ፣ ረጅም፣ የታጠቀ ገበሬ ነው። ዲሬክተሩ፣ የቡሬው ሽማግሌ፣ ባለሙያዋና እኔ ቢሮ ውስጥ ነበርን። ባለሙያዋ ሕጉን ረጋ ብላ አስረዳችው። ሰምቶ ሲጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እመቤቴ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ። ካርድ ሰጣችኋት፤ ልጄ ራሷ አነበበችልኝ፤ ዕድሜ አሥራ አምስት ይላል። እስቲ መዝገባችሁን አውጡት። አንድ ቀን ቢጎድላት ድግሱን ለውሻ ልስጠው!"

እኔ የጻፍሁትን ቁጥር በራሷ ላይ አንብባለታለች።

ዲሬክተሩ መዝገቡን ገለጡ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄዶ ቆመ። "አሥራ ሁለት... ሦስት ሲደመር... እውነትም አሥራ አምስት።" ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ከአገሬው ጋር ከመጋጨት ድነዋል። "እንግዲህ መዝገቡ ተናገረ፣ ወይዘሪት።"

የቡሬው ሽማግሌ ግን አልተዋጠላቸውም። "ያቺ ጭራሮ አሥራ አምስት? ጥሯትና ጆሮዋን ትንካ!"

"አትጠራም" አለች ባለሙያዋ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠነከረ። "ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ሰውነቷን አይለካትም። ለሦስት ቀን ምን ስንማማር ቆየን?"

እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰባት የሞላው ሁሉ ጆሮውን ይነካል፣ ብትጠራ ኖሮ በገዛ እጇ ለትዳሩ ትታሰር ነበር። ሌላ መንገድ አልቀረም።

"መዝገቡ ውሸት ነው" አልሁ። "የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስትመጣ ሰባት አልሞላትም ነበር።"

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ የፈራሁት ብርሃን ሲጠፋ አየሁ።

"የመንግሥት መዝገብ!" አሉ ዲሬክተሩ። "አንተ የመንግሥት መዝገብ!"

አባትየው ሳቀ። "ታዲያ ማንን እንመን? ጸሐፊው ነው የሚዋሸው ወይስ መዝገቡ?"

"እኔም መዝገቡም ዋሽተናል። የተናዘዝሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ የቡሬው ሽማግሌ፣ ለእኔ አዝነው ይሁን ሲወቅሱኝ አልለየሁም።

ወደ ቄሱ ዞርሁ። እስከዚያ ድረስ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያዩ ነበር።

"የኔታ፣ እንዲህ አድርገው እንድታነብ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ያጠመቋትም እርስዎ ነዎት። መቼ ነው?"

"ወንድሜ፣" አለ አባትየው ፈጠን ብሎ፣ "ለሰው ተነግሯል። የአማቾቼን ፊት በምን አየዋለሁ?"

ቄሱ ጭራውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አሻገሩት። ከዚያ ለወንድማቸው እንጂ ለእኛ ሳይሆን ተናገሩ።

"በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት የቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ በተለወጠ ዓመት ነው። ቆርቆሮውን ከመኪና መንገድ ድረስ ወጥተህ የተሸከምህ አንተ ነህ። ትከሻህን ቆርጦህ ጠባሳው አለ። ስንት ዓመት ሆነው?"

አባትየው እጁን ወደ ትከሻው አነሣ፤ አውቆ አይመስለኝም። ማንም ቁጥር አልጠራም። የአገሩ ሰው ሁሉ ግን ቆጥሮ ነበር፤ አሥር።

ወረቀት ተጻፈ፤ የጻፍሁት እኔው ነኝ፣ ሌላ ጸሐፊ የለም። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ላይድራት፣ ከትምህርት ቤትም ላያስቀራት፣ ቄሱ ዋስ ሆኑ። አባትየው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠየቀ።

"የትኛው አሥራ አምስት? የጸሐፊው ነው የቆርቆሮው?"

"የቆርቆሮው" አሉ ቄሱ።

ባለሙያዋ በረንዳ ላይ ያዘችኝ። ተቆጥታ ነበር። "ለልጅ ብለው የዋሹት ውሸት ዞሮ ልጅቱን ነው የሚይዛት። አይተዋል። ከመጀመሪያው ለእኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ መንገድ እናገኝ ነበር።"

"ለእርስዎ አለመንገሬ ጥፋት ነው፤ እሱን ይፍረዱብኝ። አሥራ ሁለት ያልሁት ግን ጥፋት አይደለም። ያን ጊዜ እውነቱን ብጽፍ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ዛሬ የሚጠይቃትም የሚከራከርላትም አይኖርም። ስድስት ዓመት ለፊደል የሚያንስ፣ ለመታጨት የሚበቃ ማን አደረገው? እኔ ነኝ?"

በነጋታው ክፍሉን ስትከፍት ጆሮ መለካት ቀርቶ የክርስትና አባቶች እየተጠየቁ ከምስክር ጋር ዕድሜ እንዲጻፍ ለመምህራኑ አሠራሩን በሰሌዳ ላይ አስቀመጠች። ስሜን አላነሣችም። ወረቀት እንዳድልም አላዘዘችኝ፤ "ይቀመጡ" አለችኝ፣ በዲሬክተሩ አግዳሚ ላይ።

አሥሩ ቀን አልቆ እርሷ ስትሄድ ዲሬክተሩ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

"ማመልከቻ ጻፍ። በስሕተት ነው በል። ከደመወዝህ ይቆረጥና ያልፋል። አንድ ቃል ናት፤ በስሕተት።"

ወረቀቱን ሳብሁት። ያ ቃል ብዙ ነገር ይዞ ነው የመጣው። በስሕተት ካልሁ የዚያች ልጅ ስድስተኛ ክፍል መድረስ ስሕተት ሊሆን ነው። ያነበበችው ሁሉ ስሕተት ሊሆን ነው። "ዕድሜዋን አሥራ ሁለት ብዬ የጻፍሁት ሆን ብዬ፣ አውቄ ነው" ብዬ ጽፌ ፈረምሁና መለስሁላቸው።

አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። "ግጥም አበላሽቶሃል" አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትሁ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርሁ። ቀለሙ አሁን የራሴ ነው።

በሚቀጥለው መስከረም ልጅቱ ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ ታልፍ ጀመር፤ ሰባተኛ ክፍል፣ እኔ ያልገባሁበት። አንድ ቀን ደብተሮቿን አቅፋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ስንት ዓመቴ ነው?"

"አሥራ አንድ ሊሆንሽ ነው።"

"ወይ ጉድ! አምና እኮ አሥራ አምስት ነበርሁ።"

"አሥራ አምስቱ ይቆይሽ" አልኋት። እየሳቀች ወደ ደወሉ ሮጠች። እኔም ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ዞሬ፣ ብዕሬን ነከርሁ፤ "እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"