«ሴት ነጂ የላችሁም?»

ላንጋኖ ዳር ባለ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስቀጠር ዋና አልችልም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ በእኛ ሰፈር ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሚሞላው ቦይ ነው። ሐይቁን በየቀኑ ከጠረጴዛዬ እያየሁት አንድም ቀን እግሬን ነክሬበት አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከአሰላ የወጣቶች ቡድን በቅጥቅጥ መጣ። በኦጎልቾ ቁልቁል ወርደው፣ በባቱ ዞረው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ወንዶችም ሴቶችም አሉበት፤ ገሚሶቹ ክርስቲያን፣ ገሚሶቹ ሙስሊም። ልጆቹን በአደራ ይዘው የመጡት አሰላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት የስልጤ እናት ነበሩ። የእሳቸውም ልጅ አብራ መጥታለች።

የመጡት ውሃ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳው ጄት ስኪ ነው። እኛ ዘንድ ልጆች ራሳቸው አይነዱም፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው ከነጂው ኋላ ይቀመጣሉ። ነጂያችን የሎጁ የጀልባ መካኒክ ነበር፤ እዚያው ሐይቅ ዳር ያረጀ፣ ቁጥብ ሰው። ወንዶቹ ተራ በተራ እየጮኹ ሄዱ፣ እየጮኹ ተመለሱ። ሴቶቹ ግን ግራሩ ሥር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።

«እናንተስ አትሄዱም?» አልኳቸው።

መልሱን የሰጡኝ እናትየዋ ናቸው።

«ወንድ ወገብ አቅፈው እንዴት ይሄዳሉ ልጄ? ስንመለስ አባቶቻቸውን ምን ልበላቸው? ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። ሴት ነጂ የላችሁም?»

«የለንም እትዬ።»

«አንቺስ?»

ሳቅኩ። «እኔ ዋና እንኳ አልችልም።»

እሳቸው አልሳቁም። «ታዲያ የሚችል ሆኖ የሚወለድ አለ? ተማሪና እንመለሳለን» አሉኝ።

ማታ ያን ለመካኒኩ እንደ ቀልድ ነገርኩት። እሱም አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን ይዞ መጣ። ዋና የምታስተምረኝ እሷ ናት አለ፤ እሱ ቢያስተምረኝ ሰው ያወራል። ሴትየዋ አማርኛ እምብዛም አትናገርም፣ የእኔም ኦሮምኛ የገበያ ነው። ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ መዳፏን ከጀርባዬ ሥር ታደርግና «ሱታ፣ ሱታ» ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ብዙ ጠዋት እንዲሁ አለፈ። አንድ ቀን ያው «ሱታ» የሚለው ድምፅ ራቅ ብሎ ተሰማኝ። ለካ እጇን ካነሳች ቆይታለች፤ ብቻዬን ነው የተንሳፈፍኩት።

ከዚያ በኋላ ባልየው ሞተሩን አስተማረኝ። ከእጅ አንጓ ጋር የምትታሰር ገመድ አለች፤ ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። «ነዳጅ ብትረሺ ትቆሚያለሽ፤ ይቺን ብትረሺ ግን ሰው ትገድያለሽ» ይለኝ ነበር።

እናትየዋ ቃላቸውን ጠበቁ። ክረምቱ እንዳለፈ ልጃገረዶቹን ብቻ ይዘው መጡ።

«ተማርሽ?»

«ተማርኩ እትዬ።»

መጀመሪያ ሁሉንም ጃኬት አስለበስኩና ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ መውደቅ አለማመድኳቸው። አገጭ ወደ ላይ፣ ሳይታገሉ መንሳፈፍ፣ ጃኬቱ ላይ የታሰረችውን ፊሽካ መንፋት። እናትየዋ ከዳር ሆነው፣ «ሳይወድቁ ውደቁ ትያቸዋለሽ እንዴ?» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሁለቱን ተራ በተራ በጄት ስኪው አዙሬ መለስኩ። ሦስተኛዋ የእሳቸው ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። ወገቤን አጥብቃ ይዛለች፤ ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ወደ ዳር ለመመለስ ስዞር ንፋሱ ሳይታሰብ ተነሳ። ማዕበሉ በጎን መታንና ሁለታችንንም ገለበጠን።

ሞተሩ ጠፋ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ውስጡ አይታይም። ጃኬቱ አንስቶ ሲያወጣኝ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኳት፤ የለችም። ያኔ ከጄት ስኪው ማዶ ፊሽካ ተነፋ። ዋኝቼ ዞርኩ። ሻርፗ ዓይኗን ሸፍኖታል፤ አገጯን ወደ ሰማይ አቅንታ ልክ እንደተለማመድነው ተንሳፍፋለች። ፊሽካዋን ከአፏ አላወጣችም። እጇን ያዝኳት። መካኒኩ ሁልጊዜ ጀልባውን አስነስቶ ስለሚጠብቅ ወዲያው ደረሰልን።

ዳር ስንደርስ እናትየዋ ከነልብሳቸው ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተዋል፤ ልጃገረዶቹ ከኋላ ጎትተው ይዘዋቸዋል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን ልጃቸውንም እኔንም አንድ ላይ እቅፍ አደረጉን። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

«ይቅርታ እትዬ። ለዛሬ እናቁም» አልኩ።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፤ የቀሩት ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ለንፋሱ ከሆነ እናቁም።»

«ለንፋሱ ነው።»

ልጆቹ አጉረመረሙ፤ እሳቸው ግን በአንድ ቃል ጸጥ አሰኟቸውና ቅጥቅጡ ላይ አሳፈሯቸው። የቀሩት ተራቸውን ያገኙት በሌላ ቅዳሜ፣ ውሃው እንደ መስታወት በተኛበት ማለዳ ነው። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ያቺው ዝምተኛ ልጅ ሆነች። እናቷ አልተሳፈሩም፤ ግን እሳቸውም ጃኬት አምጪ ብለው ለብሰው፣ ቀኑን ሙሉ ግራሩ ሥር ዋሉ።

ዛሬ የምሠራው ይህንኑ ነው። የሴት ልጆች ቡድን ከአርሲ ከተሞች፣ ከሲሬም ከጎበሳም ሲመጣ እኔ እነዳለሁ። ሰው ዕድሉን ከየት እንደሚያገኝ አይታወቅም። እኔ የእኔን ያገኘሁት ጨርቅ ሊሸጡ እንጂ ሥራ ሊሰጡ ካልተቀመጡ እናት፣ ቋንቋዬን በቅጡ ከማታውቅ ሴትና ዝም ብሎ ሚስቱን ይዞ ከመጣው ባሏ ነው። ሦስቱንም ባሰብኩ ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

አሰላ ስገባ ሱቃቸው ጎራ ሳልል አላልፍም። በርጩማ ስበው ያስቀምጡኝና ለገዢው ሁሉ፣ «ልጄን ከሐይቅ ያወጣቻት ይቺ ናት» ይላሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ያወጣት ጃኬቱ ነው» እላለሁ።

«ዝም በይ አንቺ» ይሉኝና ጨርቃቸውን መለካት ይቀጥላሉ።