ተጠባባቂው በረኛ

አንክል ዴቫሳጋያም በታይፒንግ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። አሥራ አንዱን ዓመት «ተጠባባቂ የጣቢያ ኃላፊ» ነበሩ። ተጠባባቂ ማለት ሥራው ሙሉ፣ ወንበሩ ግማሽ ነው። ባቡር ሲዘገይ ስድቡን የሚቀበሉት እሳቸው፣ ዋና ኃላፊ ሲሾም ግን ከዋና ከተማው ከኩዋላ ላምፑር የሚላከው ሌላ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ አራቱንም ሥራ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው።

እኔ ሲው ላን እባላለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ዘመድ ባይሆንም፣ ወንዱ «አንክል» ሴቷ «አንቲ» ይባላሉ። አባቴ ብስክሌት የሚጠግንባት ሱቅ ከባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ጀርባ ካለው ሜዳ ፊት ለፊት ነበረች። አንክል ዴቫ በዚያ ሜዳ ላይ የሴቶች ሆኪ ቡድን ሲያቋቁሙ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ አዩኝና «አንቺ፣ አጥሩ ይወድቃል። ወይ ግቢ፣ ወይ ውረጂ» አሉኝ። ገባሁ። የታሚልም፣ የማላይም፣ የእኛ የቻይኖቹም ልጆች ነበርን። ሁላችንንም እኩል ይጮሁብን ነበር።

ስለ ራሳቸው ጨዋታ ብዙ አያወሩም፤ የሚያወሩት ባለቤታቸው አንቲ ታንጋማ ናቸው። አንክል በሃያ አራት ዓመታቸው ለአገር ሆኪ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ሆነው ተመርጠው ራንጉን ሄዱ። አራት ጨዋታ ቁጭ ብለው አዩ። ለአምስተኛው አሠልጣኙ ማታውኑ «ነገ አንተ ነህ» አላቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጠዋት ግን ለካ የአንደኛው በረኛ አጎት ራንጉን ይኖራል፤ የወንድሙን ልጅ ጨዋታ ለማየት ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መጥቷል። አሠልጣኙም «ዴቫ፣ ሰው አናሳፍር» ብሎ አስቀራቸው።

አንቲ ታንጋማ ይህን ለእንግዳ ሲተርኩ «አገሩን ወክሎ ሄዶ አንድም ጎል ሳይገባበት የተመለሰ በረኛ እሱ ብቻ ነው» ይላሉ። እንግዳው ይስቃል። አንክል ተነሥተው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ።

በቤተ ክርስቲያን ለሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበሩ። ፓስተሩን ጉንፋን ከያዛቸው የሚሰብኩት አንክል ናቸው። ስብከታቸው አጭርና ቁጡ ነበር። እምነታቸው ግን የእውነት ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በረንዳ ላይ ሲጸልዩ ከመንገድ ይሰማል።

እሳቸውን ያንገበገባቸው ሜዳው ነው። በታይፒንግ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ካልጣለ ወሬ ነው። ሜዳው ጎድጓዳ ስለሆነ ውሃው ተኝቶ ይከርማል። በሣምንት ሦስት ቀን ልምምድ ይሰረዛል። አንክል ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ የጠየቁት አንድ የውሃ መውረጃ ቦይ ብቻ ነው። መልስ የለም። ደገሙ። «ጥያቄዎ እየታየ ነው» ተባሉ። በየዓመቱ ይጽፋሉ፣ በየዓመቱ እየታየ ነው። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰው «አንክል፣ ዝናቡን እንኳ ለእግዚአብሔር ይተዉለት» ቢላቸው፣ «ዝናቡንማ ያውርድ። እኔ የምለው ወዴት ይሂድ ነው!» ብለው ጮኹበት።

በዚህ መሀል ጡረታ ወጡ፣ ሦስቱ ልጆቻቸው አግብተው ሄዱ፣ እኔም መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ወለድሁ። ደብዳቤው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ሰባ ዓመት የሞላቸው ዕለት እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛም የድሮ ተጫዋቾቻቸው እቤታቸው ተጋበዝን። በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና የዓሣ ወጥ ቀርቧል። የመጨረሻ ልጃቸው ሳሙኤል ከሲንጋፖር መጥቷል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ያመሰግናቸዋል፤ እኔም አሠልጣኛችን ባይሆኑ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር አልሁ። ሳሙኤል ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቅ።»

«እኔ እማርበት የነበረው ትምህርት ቤት አንድ ቀን መጥተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን?»

«ሳሙኤል፣ ዛሬ ተው» አሉት እናቱ።

«ልተወው እችላለሁ። ግን ስታመሰግኑት እኔንም ስሙኝ ብዬ ነው። የሌላ ሰው ልጆች አባት ነው፤ እኛ ቤት ለመተኛት ነበር የሚመጣው።»

አንክል ጎርሰው የነበረውን ማላመጥ አቆሙ። «ሩዝ ጨምሩለት» ብቻ አሉ። ሳሙኤል በዚያው ማታ አውቶቡስ ተሳፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሜዳው ላይ አየኋቸው። አካፋና ዶማ ይዘው፣ በቁምጣ፣ እየቆፈሩ ነው።

«አንክል፣ ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ? ቦይ ነው።»

«ብቻዎን?»

«ከአንቺ ጋር ልቆፍር? ሥራ ረፍዶብሻል፣ ሂጂ።»

ተናደው ነበር። በማን እንደተናደዱ ግን እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። በማዘጋጃ ቤቱ ይሁን፣ በልጃቸው፣ በራሳቸው። ማታ ባሌንና ሁለት የድሮ ተጫዋቾችን ይዤ ተመለስሁ። በሁለተኛው ሣምንት ከሃያ በላይ ሆንን። የቡድናችን ተጫዋች የነበረችው ሮስናህ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከኢፖ ከተማ ድረስ መጣች። ቅዳሜ ደግሞ ሳሙኤል ከመንገዱ ዳር ቆሞ አየሁት። ሰላም ሳይል ጫማውን አወለቀና ቦዩ ውስጥ ወረደ። አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆፈሩ። ሲነጋገሩ የሰማሁት «ድንጋይ አለ»ን ብቻ ነው።

ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ወጣት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት መጣ።

«አንክል፣ ፈቃድ አለዎት?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠይቄያለሁ።»

«መጠየቅና ማግኘት አንድ አይደለም።»

«እሱንማ እኔ ነኝ የማስተምርህ።»

ልጁ በሦስት ቀን ውስጥ ቦዩ መልሶ እንዲደፈን የሚል ወረቀት አወጣ። አንክል አካፋውን ጣሉት። ፊታቸው ሲለወጥ ፈራሁ። አንቲ ታንጋማ ለባላቸው ምሳ ይዘው መጥተው ነበርና ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ልጁ ፊት ቆሙ።

«ስማ የኔ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ከዚህ ሜዳ ላስወጣው ስል ጸጉሬ ሸበተ። እኔ ያልቻልሁትን አንተ በወረቀት ልትችለው ነው?»

«አንቲ፣ እኔ ታዝዤ ነው።»

«እኔም ታዝዤ ነው ያገባሁት። ሂድና አለቃህን ላክ።»

አለቃው አልመጣም፤ እኛም ቦዩን አልደፈንነውም። ከሦስት ሣምንት በኋላ ግን ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣ፤ እኛ በቆፈርነው ቦይ ላይ ሲሚንቶ ለሰኑ። ትልቅ ሰሌዳም ተከሉ፦ «በማዘጋጃ ቤቱ የተሠራ የሜዳ ማሻሻያ»።

«ሰረቁኝ!» አሉ አንክል።

«ሲሚንቶ አምጥቶ የሚሰርቅ ሌባ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ አንቲ፤ አንክል ግን አልሳቁም።

የምረቃው ቀን የክብር እንግዳው ዘገየ። የበዓሉ አስተናጋጅ ሰው እንዳይበተን ብሎ አንክልን መድረክ ላይ አወጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። «ይህንን ቦይ የቆፈሩት...» እንዳሉ መኪናው ደረሰ፤ ከበሮ ተመታ። አስተናጋጁ «አንክል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰደ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ወረቀቱን አጥፈው ወርደው ቤታቸው ገቡ፤ ለምረቃው የተዘጋጀውን ጨዋታ አላዩም።

እኔ ወረቀቱ አቤቱታ መስሎኝ ነበር። በተከታዩ እሑድ ነው የገባኝ። አንቲ ነግረውኝ እኔም ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ፓስተሩ ማስታወቂያ ሲጨርሱ አንክል ሳይፈቀድላቸው ተነሡና ያንኑ ወረቀት ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። ቦዩን የቆፈርነው ሰዎች ሃያ ሰባት ስም ነበር። የአብዛኞቹ ባለቤቶች እዚያ የሉም፤ ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ የሂንዱ ወይም የቡድሃ ቤተ መቅደስ የሚሄድ ነው። አንዱንም ሳይዘሉ በቁጣ ድምፅ አነበቡ። የእኔን ሲጠሩ «አቤት» ልል ምንም አልቀረኝ። ሳሙኤልን «ሳሙኤል ዴቫሳጋያም» ብለው፣ እንደማንኛውም ሰው፣ በአሥራ ዘጠነኛ ተራ አነበቡት። አንቲ ታንጋማ በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ ሳሙኤል በየወሩ ይደውል ጀመር። ከአባቱ ጋር የሚያወራው ስለ አየር ሁኔታ ነው ይላሉ አንቲ፤ እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ቦዩ ስድስት ዓመት በደንብ ሠራ፤ ዝናብ ካባራ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳ እንገባ ነበር። ከዚያ ከጎኑ የምግብ መሸጫዎች ተከፈቱ፤ ላስቲክ ይጥሉበታል፣ የሩዝ ትርፍራፊ ይደፉበታል። ምሥራቃዊው ጫፍ ተዘጋ። አንክል እንደገና መጻፍ ጀመሩ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ እኔን ያስጽፉኝ ነበር። «‹በትሕትና› የሚለውን አውጪው» ይሉኛል፤ «በትሕትና ብዙ ጽፌያለሁ።»

በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በረንዳቸው ላይ ዐረፉ። ቀብሩን ያስፈጸመው ሳሙኤል ነው። ሣምንት ሳይሞላ አንቲ ታንጋማ አባቴ ሱቅ ሳለሁ መጥተው በገመድ የታሰረ ወፍራም የአንክል ደብዳቤዎች ዶሴ ጠረጴዛው ላይ ጣሉልኝ።

«አንቲ፣ እኔ ሥራ አለብኝ።»

«እሱም ሥራ ነበረው።»

«ማዘጋጃ ቤቱ መቼም አይሰማ።»

«አውቃለሁ። እኔ ቤት ግን ከእንግዲህ አያድርም። በቅቶኛል።»

ሰኞ ዶሴውን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ኮምፒውተሯን አየች።

«በዚህ ስም የተመዘገበ ጥያቄ የለንም።»

«የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከጻፉላችሁ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነ እኮ!»

«እንግዲያው እንደ አዲስ ያመልክቱ፣ አንቲ» አለችና ቅጽ ሰጠችኝ። ብዕር ለመንኋት፤ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ ሞላሁት።