አካሄዴን በቴሌቪዥን ያየሁበት የማርቆስ መንገድ

እኔ ከደምበጫ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወደ ውስጥ ገብቼ የምኖር ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የጽሕፈቴን ነገር አታንሡብኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ግንቦት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ያየሁትን፣ እግሩ ተሰብሮ እንደ እኔ የሚጠራጠር ሰው ካለ ሳይሄድ በፊት እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ስከምር ከክምሩ ወደቅሁና ግራ ቅልጥሜ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረልኝ፤ አጥንቱም ገጠመ። ነገር ግን ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንኳ አካሄዴ እግሯን እንደ ታሰረች ዶሮ ነበር። አንድ ልጄ ሙላት ደምበጫ ወፍጮ ቤት ይሠራል። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ነበር የሚያርስልኝ፤ ከሁለቱም ላይ በዓሉ አንዱን ይወስድበታል። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«አባየ፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ከበሬ ኋላ መሄድ ካልቻሉ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንሰጠዋለን።»

እኩል አራሽ በራሱ በሬ አርሶ ምርቱን እኩል የሚካፈል ሰው ነው። ክፉ ሥራ አይደለም። ግን የሌላ ሰው ማረሻ የገባበት መሬት ባለቤቱን እንደ እንግዳ ያየዋል። እኔ በገዛ ማሳዬ ዳር ቆሜ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት አልፈልግም።

ሙላት ቀጥሎ፣ ማርቆስ ላይ ሰው ሲራመድ በካሜራ ቀርጸው በቴሌቪዥን እያሳዩ አካሄድ የሚያስተምሩ አሉ አለኝ። ይህን ስሰማ ነገሩ ሸተተኝ። በሕፃንነቴ የተማርሁትን አሁን ማን ያስተምረኛል? ሙላት ምስክር ሊያዘጋጅብኝ ነው አልሁ በልቤ። እያነከስሁ ያስቀርጸኝና ካሴቱን ለሽማግሌዎች አሳይቶ መሬቱን ያስወስነዋል። ይህን እያወቅሁ ሄድሁ፤ ቤቱ ቀርቶ የሚጠረጥር ሰው ምንም አያይም።

ማክሰኞ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሙላት ጋር በጎረቤት በቅሎ ደምበጫ ደረስን። አውቶቡሱ ላይ እግሬን የምዘረጋበት የጎን ወንበር አገኘሁ። ረዳቱ መጥቶ ዱላዬን ያዘ።

«አባት፣ ይህን ጣራ ላይ ልስቀልልዎት።»

«ዱላዬ ከተሰቀለ እኔንም አብረህ ስቀለኝ።»

«ለእርስዎ የጭነት ላስከፍል ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ዱላዬ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ከደምበጫ እስከ አማኑኤል ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለጣለ መሬቱ ለስልሷል። በመስኮት እያየሁ ትልሙ የተጣመመበትን ሰው ሁሉ በሆዴ ሰደብሁ። እኔ ተቀምጬ እነሱ ማረሳቸው ነው ያናደደኝ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ደኅና ያርሱ ነበር።

አማኑኤል ላይ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። አምስት ድንች በሁለት ብር። «የትናንት ነው?» ብላት፣ ልጅቱ «እርስዎ የትናንት ነዎት ወይ?» አለችኝ። ገዛሁ። ትኩስ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ከደብረ ወርቅ የመጡ፣ አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ለምን እንደምሄድ ነገርኋቸውና ይህ የካሜራ ነገር ተንኮል አይመስልዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ አላውቅም» አሉ። «ተማሪዬ በማኅሌት ሲቆም ግን እግሩን አበላሽቶ ‹አሳምሬያለሁ› ይለኛል። ይምላል እንኳ። ውሸቱን አይደለም፤ የራሱ እግር አይታየውም።»

«እና ምን ያደርጉታል?»

«በመቋሚያ ቸብ።»

መቋሚያ ከካሜራ ይሻላል፤ ቢያንስ ወሬ አያቀብልም ብዬ አሰብሁ። ማርቆስ ስንደርስ ሙላት መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዘ። በሩ ከውስጥ ስለማይቆለፍ ዱላዬን ደግፌበት ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

መጀመሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ እግሬን ራጅ አነሡኝ። ከዚያ ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ገባን። በመሃሉ እንደ በረት አጥር ሁለት ረጃጅም የብረት መደገፊያ ተተክሏል። ፊት ለፊት ቴሌቪዥን፣ በጎን ደግሞ በሦስት እግሩ የቆመ ካሜራ አለ። ባለሙያዋ ትዕግሥት የምትባል ወጣት ናት።

«አባባ፣ ሱሪዎን እስከ ጉልበት ይጠቅልሉልኝ።»

«ለምን?»

«ካሜራው እግርዎን እንዲያየው።»

«ከካሜራው በኋላስ የሚያየው ማን ነው?»

«እኔና እርስዎ።»

«ሙላትስ?»

«እርስዎ ከፈቀዱለት።»

ሙላትን አየሁት። እሱ ጣራውን አየ።

ቀጥ ብዬ ሄድሁ፤ ቀጥ ብዬ ተመለስሁ። እንዲያውም ሳላነክስ የሄድሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። አንድ ሽማግሌ ቀኝ ትከሻው ወድቆ፣ ግራ እግሩን እየሰረቀ መጣ።

«ይህ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አይደለሁም። እኔ ቀጥ ብዬ ነው የሄድሁት።»

«ጋቢውን ይዩት እንጂ አባየ» አለ ሙላት።

ጋቢውን አየሁት። ጫፉ ላይ እሳት የበላው ቀዳዳ አለ። ጋቢው የእኔ ነው።

ትዕግሥት ሌላ ካሴት አስገባች። ቁምጣ የለበሰ ሰው ይራመዳል፤ ከራሱ እስከ ተረከዙ ነጭ መስመር ተሠምሮበታል። በጣቷ የቴሌቪዥኑን መስተዋት እየነካች አስረዳችኝ። የእሱ ትከሻ እኩል ነው፤ የእኔ ቀኙ የወደቀው ግራ እግሬን ሸሽቼ ስለማጋድል ነው፤ መጀመሪያ የሚቃናው ትከሻዬ ነው።

«ይህ ሰውዬ በሬ አለው?» አልኋት።

«ኧረ እኔ አላውቅም፣ አባባ።»

«የለውም። ቢኖረው እንዲህ አይሄድም። አራሽ በቀኝ እጁ እርፍ ይጫናል፤ በግራው ጅራፍ ይይዛል። አንዱ እግሩ ትልም ውስጥ፣ አንዱ ያልታረሰው ላይ ነው። እንዲህ እየሄድሁ ሸበትሁ። ትከሻዬን የጣለው ክምሩ አይደለም፤ እርፉ ነው።»

«እሺ፤ ግን ስብራትም እንዲህ ያደርጋል» አለች በትሕትና። አላመነችኝም።

«እንግዲያው ልጄን ቅረጪው።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?» አለ ሙላት።

«ሂድ ስትባል ሂድ።»

ሱሪውን ጠቅልሎ ሄደ። አጥንቱ ተሰብሮ አያውቅም። በቴሌቪዥኑ ግን ቀኝ ትከሻው ቁልጭ ብሎ ወድቋል። ስድስት ዓመት የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ እንኳ አልተቃናም። ትዕግሥት የእኔን መለሰች፣ የሱን መለሰች፣ እንደገና የእኔን። ከዚያ ሳቀች።

«እሺ አባባ፤ ትከሻውን ለቀቅሁልዎት። እግሩን ግን አልለቅልዎትም።»

ሥዕሉን እንደ ቀንድ አውጣ እያዘገየች አሳየችኝ። ቀኝ እግሬ መሬት ይዞ ይቆያል። ግራው በጣቱ ብቻ ነክቶ ፍም እንደ ረገጠ ይሸሻል፤ ተረከዙ መሬት አይደርስም።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ራጁም ደኅና ነው። እግርዎ ድኗል። እርስዎ ግን አላመኑትም።»

ሙላትን ጠረጠርሁ፣ ካሜራውን ጠረጠርሁ፣ ድንቹን ጠረጠርሁ። እግሬን እንደ ጠረጠርሁት ግን ለራሴም አላወራሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት

ከመጸዳጃ ስመለስ ሙላት ኮሪደሩ ላይ ትዕግሥትን «የአባቴን ካሴት ብትሰጪኝ» ሲላት ሰማሁ። ሄጄ በመሃላቸው ቆምሁ።

«ለማን ልታሳይ ነው?»

ይክደኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልካደም።

«ለሽማግሌዎች። አዎ፣ ለዚያ ነው። ያለ እኔ ጠምደው ሲያርሱ በሬው ዳልቻ ጎትቶ የጣለዎትን ቀን ማን የነገረኝ ይመስልዎታል? ጎረቤት ነው። እርስዎ ‹ጭቃ ነው› ብለው ልብስዎን አጠቡ። እኔ ‹ይተዉ› ስል አይሰሙኝም። ሽማግሌ ቢልዎት ይሰሙ ይሆናል ብዬ ነው።»

«መሬቴን ልትሰጥብኝ ነው።»

«መሬቱማ የትም አይሄድም። እኔ የምፈራው ወፍጮ ቤት ቆሜ ሰው መጥቶ እንዳይጠራኝ ነው።»

ትዕግሥት ካሴቱን ለሙላት አልሰጠችውም። ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ ጋቢዬ ሥር አደረግሁት። እንግዲህ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ልክ ሆኖ ግን እንዳሰብሁት አላስደሰተኝም።

«እስከ ሰኔ ሚካኤል ብለሃል» አልሁት።

«ብያለሁ።»

«ቃልህ ቃል ነው?»

«ሦስት ትልም ሳይወድቁ ከሄዱ እኩል አራሽ የሚባል አላነሣም።»

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ትምህርት ነበር። ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ስላያያዘችው እየሄድሁ የራሴን እግር ከጎን አየዋለሁ። «ተረከዝ፣ መሃል፣ ጣት» ትላለች፤ እኔም እላለሁ። ሸሸት ሲል አየውና «ተመለስ አንተ» እለዋለሁ፣ እንደ በሬ። ከሰዓት በኋላ ተረከዜ መሬት ደረሰ። ዱላዬን ግድግዳ አስደግፌ አሥር ጊዜ ተመላለስሁ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ወዲያው እግሬ ወደ ሌብነቱ ተመለሰ።

«እኔ ቤት ቴሌቪዥን የለም» አልኋት። «መብራትም የለም። እግሬን በምን አየዋለሁ?»

«ልጅዎ ይይልዎት።»

«የሚፈራ ሰው አይን ሁሉን ሲወድቅ ነው የሚያየው።»

ጉዞዬ በከንቱ ነው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ወደ ቤት

ደምበጫ ስንወርድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በቅሎዋ መንገዱ አድጧት ትደናቀፍ ጀመር። እኔ ደግሞ ከወደቅሁ ወዲህ ከፍታ አልወድም፤ ወረድሁና በእግሬ ሄድሁ። ትንሽ ሄጄ ዱካዬን ለማየት ዞርሁ። ለምን እንደ ዞርሁ እንጃ፤ የሚከተለኝ ካለ ማየት ልማዴ ነው።

ጭቃው ላይ ቀኝ እግሬ ሙሉውን ታትሟል። የግራው አምስት ጣት ብቻ ነው፤ ተረከዝ የለውም። ከኋላው የሙላት ዱካ አለ፤ ሁለቱም ሙሉ።

«ና እየው» አልሁት። «ይኸውልህ ቴሌቪዥኑ።»

ከዚያ ቤት እስክደርስ ሃያ እርምጃ ሄጄ ዞሬ አያለሁ፤ ሃያ እርምጃ ሄጄ ዞሬ አያለሁ። ከመሸ ገባን። በቅሎዋ እንኳ ተሰላችታ ቀድማን ሄደች። በማግስቱና ከዚያም በኋላ በየቀኑ፣ ዝናብ ሲያቆም በጓሮ እየዞርሁ «ተረከዝ፣ መሃል፣ ጣት» አልሁ። ጎረቤቶቼ አበደ ብለው እንዳወሩ ሰምቻለሁ።

ሚካኤል ዕለት እርሻ ስለማይገባ ሙላት በዋዜማው መጣ። ቦራንና ዳልቻን ጠመድናቸው። እርፉን ስይዝ ሙላት በቀኜ፣ እጁን እንደ ዘረጋ፣ ሊይዘኝ ቀርቦ መጣ።

«ራቅ በል። በሬው ይስቅብሃል።»

አንድ ትልም ሄድሁ። መዞሪያው ላይ ዳልቻ ጎተተኝ፤ ግራ እግሬን ተረከዙ ድረስ ተክዬ ያዝሁት። ሁለት ሄድሁ። ሦስተኛው ላይ ላቤ ዓይኔ ገብቶ ምንም አላይም ነበር፤ ግን ጨረስሁ። ከዚያ እርፉን ሙላት እጅ ላይ አደረግሁና «የቀረውን አንተ እረስ፤ እስከ ማታ ብታገል ነገ አልነሣም» አልሁት። ይህን በአፌ ያልሁት የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ስለ እኩል አራሽ አላነሣም፤ እስከ ዛሬም አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እኔ፣ የቀረውን እሱ በሚመጣበት ቀን እናርሳለን።

ካሴቱ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ማንም አላየውም። ካሜራ ውሸታም አይደለም፤ ከጉዞው የተማርሁት ይህን ነው። ግን ከሌላ አገር ሰው ጋር አስተያይቶ ሲፈርድባችሁ ዝም አትበሉ፤ ልጃችሁንም ይቀርጹት በሉ። ከዚያ ካሜራው ያሳያችሁን ጭቃውም ያሳያችኋል።

እርፉን በተቀበለኝ ቀን ሙላት በሬዎቹን ሳያንቀሳቅስ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የመጣሁበትን ትልም አየ።

«አባየ፣ የግራው ተረከዝ ሁለት ጣት ገብቷል።»

እኔም ተንበርክኬ በራሴ ጣት ለካሁት። ሙላት ሲለካ አላምነውም። ሁለት ጣት ነበር።