ጭነቱ ላልቷል

ሞጣ ከተከራየሁበት ቤት አጥር ማዶ መቀመጥ የማያውቁ ሽማግሌ አሉ። ልጃቸው ከገጠር አምጥቷቸው አዲስ ጋቢ ገዝቶላቸዋል፤ ተንከባካቢም ቀጥሮላቸዋል። ሴትዮዋ ፀሐይ ላይ ስታስቀምጣቸው ይነሳሉ፤ ካልሲ ስታደርግላቸው ያወልቃሉ። ጣቶቻቸው የጋቢውን ጠርዝ ሲገምዱ ይውላሉ።

«ምን ጎደለብዎ አባዬ?» ይላል ልጅየው።

«ጭነቱ ላልቷል! ቢቸና ገበያ ሳንደርስ ሊመሽብን ነው!»

አንድ ቀን ሴትዮዋ «በአህያ ምን ይጭኑ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኑግና ጤፍ ነዋ!» አሉ፣ እስካሁን የት ነበርሽ በሚል ቁጣ።

እሷም ገለባ የሞላው ማዳበሪያና ገመድ አቀረበችላቸው። በጉልበታቸው ተጭነው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ጥፍር አድርገው አሰሩት። ከዚያ ተቀመጡና ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ።

ልጅየው ሲሰማ «አባቴን በዚህ ዕድሜያቸው ታስጭኛቸዋለሽ?» ብሎ ሊያባርራት ደርሶ ነበር። እሷ ግን በየማለዳው፣ ሳይነቁ፣ ቋጠሮውን እየፈታች ታስቀምጥላቸዋለች።

ትናንት እሑድ ነበር፤ የእሷ የዕረፍት ቀን። ማለዳ ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ልጅየው በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ ከቋጠሮው ጋር ይታገላል። በጣቱ አልፈታ ቢለው ገመዱን በጥርሱ ያዘው።