ሳተላይት ይተኮሳል ወይስ ይመጥቃል

በኮሮናው ጊዜ፣ ጆሃንስበርግ ቤታችሁ ተቀመጡ በተባለችበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት ስለ ወረርሽኙ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ስለ ወረርሽኙ የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ስለሆነ ስለ አንዲት የወደቀች ሳተላይት ጻፍኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሩሲያዎች ሳተላይት ልከው ዓለምን ጉድ ካሰኙ በኋላ አሜሪካኖች የራሳቸውን ለመላክ ተጣደፉ፤ ቴሌቪዥንም ጠሩ። ሮኬቱ ከመሬት የአንድ ሰው ቁመት ያህል እንኳ ሳይርቅ ሐሳቡን ቀይሮ ተመልሶ ተቀመጠና በእሳት ጋየ። ጫፉ ላይ የነበረችው ትርንጎ የምታህል ሳተላይት ግን ተስፈንጥራ ወደቀች፤ ጠፈር የደረሰች ይመስል፣ መሬት ላይ እንደተኛች ምልክቷን ማሰማት ቀጠለች። ጨረቃ ላይ ስለ ወጡት የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምወደው ይህቺን ነው።

ጽሑፉን ያነበብኩለት አብሮኝ ለሚኖረው ነጋዴ ነው። ከስልጤ የመጣ፣ መሀል ከተማ መጋረጃ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። መንግሥት መጋረጃን ከአስፈላጊ ዕቃዎች ስላልቆጠረው ቤት ውሏል። ታናሽ ወንድሙ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው፤ ዳቦና ወተት ስለሚሸጥ አስፈላጊ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሳተላይት ይተኮሳል እንዴ?» አለኝ። «ዜና ላይ መጠቀ ነው የሚሉት።»

«ይቺ አልመጠቀችማ።»

«ቢሆንም ተኮሱ ሲባል ጥሩ አይደለም።»

«ሸሚዝም እኮ ይተኮሳል።»

«እኔም ዛሬ ተተኩሻለሁ» አለ። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ዘበኛው ሽጉጥ የመሰለውን የትኩሳት መለኪያ ግንባሩ ላይ ደግኖበት ነበር። «ሠላሳ ስድስት ብሎ ማረኝ።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መልእክት ገባለት። የላከው የወንድሙ የሱቅ ሸሪክ ነው፤ ሰውየው ከከምባታ ነው። ስልጤውና ከምባታው ጻካኔ ውስጥ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ አማርኛው ለሁለቱም የውሰት ነው። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ወንድምህን ተኮሰው። ተኝቷል። አያወራም።»

ነጋዴው ለሸሪኩ ደወለ። ዝግ ነው። የወንድሙም ዝግ ነው። ጻካኔ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ እንደሚጠፋ እናውቃለን። ስፓዛ ውስጥ ሰው እንደሚተኮስበትም እናውቃለን።

ያን ጠዋት ደግሞ ሚስኮሉ አልመጣም ነበር። ወንድሙ ሁልጊዜ ሱቁን ሲከፍት አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። ከፍቻለሁ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። አይነሳም፤ ስምምነቱ እንደዚያ ነው።

ነጋዴው ጫማውን አደረገ። ታክሲ የሚሠራው ጠዋትና አመሻሽ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ወታደር የመውጫ ፐርሚት ይጠይቃል፤ መጋረጃ ሻጭ ደግሞ ፐርሚት የለውም። ጫማውን አወለቀ። ጥቂት ቆይቶ መልሶ አደረገው።

እኔ መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩ።

«ሌቦች ቢሆኑ ተኮሱበት ይል ነበር» አልኩት። «ተኮሰው ብሎ ነገር የለም። ደግሞ ሌባ ብቻውን አይመጣም፤ ይሄ ነጠላ ነው።»

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ወንድሜ ይሙት ይኑር አላውቅም። አንተ ሰዋስው ታስተምረኛለህ።»

«ከፊቱ አ የምትለው ፊደል ጎድላው ይሆናል እያልኩህ ነው። አተኮሰው ሊል ፈልጎ።»

«ትኩሳት?»

«ትኩሳት።»

«በዚህ ጊዜ ትኩሳት ደግ ነገር ነው?»

ከጥይት ይሻላል ልለው አሰብኩና ተውኩት። ያኔ እሱም እርግጠኛ የሚሆኑበት ነገር አልነበረም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩ አንዴ ጮኾ ቆመ። የወንድሙ ቁጥር ነው። ነጋዴው ጫማውን እንዳደረገ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው።

«ማነው የተኮሰህ?»

«ማን ይተኩሰኛል? አተኮሰኝ እንጂ» አለ ወንድሙ። ድምፁ ሻክሯል። «ከትናንት ጀምሮ እሳት ሆኛለሁ። መብራት የለ፣ ስልኩ ሞቶ ነበር። ማነው ተተኮሰ ያለህ?»

«አጠገብህ ያለው።»

ከበስተኋላ የሸሪኩ ድምፅ ተሰማ፦ «እኔ ተኮሰው ነው ያልኩት። ተተኮሰ መች አልኩ?»

«ትተነፍሳለህ?» አለ ነጋዴው።

«ካላስወራኸኝ እተነፍሳለሁ።»

«እንግዲያው አታውራ። ጠዋት ግን አስጠራ። ሱቁን ባትከፍትም፣ ተኝተህም ቢሆን አስጠራ።»

ስልኩን ዘግቶ ጫማውን አወለቀ። ቀጥሎ «ያቺ ሳተላይትህ» አለኝ፣ «ወድቃ ስትጮህ ሰዎቹ ምን አሉ?»

«አንዲት ጋዜጠኛ፣ ሄዶ ተኩሶ ዝም የሚያሰኛት የለም ወይ ብላለች ይባላል።»

«እሷን አትጻፋት።»

ጻፍኳት። «ተኮሱ» የሚለውን ግን ካለበት ሁሉ አውጥቼ «ላኩ» አደረግኩት። የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግሞ አርሞ «አመጠቁ» ብሎ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ጻካኔ ያለው ሱቅ ለብዙ ጊዜ አልተከፈተም። ጠዋት ጠዋት ገና ሻይ ሳንጠጣ የነጋዴው ስልክ ጠረጴዛው ላይ አንዴ ይጮሃል። ሁለታችንም እናየዋለን። ማንም አያነሳውም።